በመካከለኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም

በጌም ኮምፒውተር ከገንዘቡ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል በየሰከንዱ ደጋግሞ የሚሠራው እሱ ነውና። ስለዚህ በመጀመሪያ ካርዱ ይመረጣል፤ ሌላው ዕቃ እሱን ተከትሎ ይወሰናል።

ለምሳሌ ባለ 12 ጊጋባይቱን አርቲኤክስ 3060 ካርድ ከመረጥን፣ ባለ 6 ኮሩ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ይመጥነዋል። ይህ ፕሮሰሰር የሚገጥመው ኤኤም4 ሶኬት ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሲሆን ራሙም ዲዲአር4 መሆን አለበት። የዲዲአር5 ራም ከታች ያለው ቀዳዳ ቦታው ስለሚለይ ማስገቢያው ውስጥ አይገባም። 16 ጊጋባይት ራም ሲፈለግም አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ይሻላል፤ መረጃው በሁለት መስመር ስለሚመላለስ ፍጥነት ይጨምራል። ለማከማቻ ኤስኤስዲ ይመረጣል፤ ጌሙ ቶሎ ይከፈታል።

በፓወር ሰፕላይ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። በአምራቾቹ መግለጫ መሠረት ካርዱ 170 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ፕሮሰሰሩ ከዚህም ከፍ ይላል። ማዘርቦርዱ፣ ኤስኤስዲውና ማራገቢያዎቹ ሲጨመሩ ድምሩ ወደ 300 ዋት ይጠጋል። ጥራት ያለው ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይህን ሳይጨናነቅ ይሸከማል።

ልብ በሉ፦ ራይዘን 5 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ኮምፒውተሩ ቢነሳም ስክሪኑ ምንም አያሳይም። ገመዱ መሰካት ያለበት ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው።