ንፍፊት ለምን ይወጣል?

እግራችንን እሾህ ሲወጋን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት ይወጣል። ቁስሉ ያለው እታች እግር ላይ ነው። ታዲያ ብሽሽታችን ምን አግብቶት ያብጣል?

ነገሩን ከእሾሁ እንጀምር። እሾህ ብቻውን አይገባም። በዓይን የማይታዩ ጀርሞችን ይዞ ይገባል። ከቆዳችን ሥር ግን ዘበኞች አሉ። እነዚህ ዘበኞች ሕዋሳት ይባላሉ። ቤት በድንጋይ እንደሚሠራ ሁሉ ሰውነታችንም የተሠራው በጣም ትንንሽ በሆኑ ሕዋሳት ነው። ዘበኞቹ ያገኙትን ጀርም ይውጣሉ። ሲበዛባቸው ደግሞ እርዳታ ይጠራሉ።

ይህን ጊዜ ደም ወደ ቁስሉ ይጎርፋል። ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ከደሙ ጋር ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ። በአንዲት የደም ጠብታ ውስጥ እንኳ በመቶ ሺህ ይቆጠራሉ። ጀርሙን እየዋጡ እነሱም ያልቃሉ። ያ የምንጸየፈው መግል አብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ? ነገሩን ያሳየው እሾህ ነው። በዛሬዋ ዩክሬን የተወለደ ኤሊ ሜችኒኮፍ የሚባል ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 በኢጣሊያ አገር፣ በመሲና ከተማ፣ አንዲት ትንሽ የባሕር እንስሳ በጽጌረዳ እሾህ ወጋ። የእንስሳዋ ሰውነት እንደ ብርጭቆ ውስጡን ያሳያል። በማግስቱ ሲያይ ሕዋሳት እሾሁን ከበውታል።

ወደ ንፍፊቱ እንመለስ። ከቁስሉ የተነሡ ሌሎች ሕዋሳት የጀርሙን ቁራጭ ይዘው በቀጭን ቧንቧ ወደ ብሽሽት ይወጣሉ። እዚያ ባቄላ የሚያካክሉ ዕጢዎች አሉ። በብብትና በአንገትም አሉ። ዕጢው እንደ ትምህርት ቤት ነው። ብዙ ሕዋሳት ተሰብስበው ቁራጩን ያያሉ። ያን ጀርም ለይተው የሚያውቁት ጥቂቶቹ ይባዛሉ። እብጠቱ እኮ ይኸው ነው! ገሚሶቹ ያንኑ ጀርም ብቻ የሚይዝ መከላከያ ወደ ደም ይለቃሉ። ገሚሶቹ ጀርም የገባበትን የገዛ አካላችንን ሕዋስ ይገድላሉ። ሥራው አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከዚያ ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ጠላታቸውን ሳይረሱ ለዓመታት ይኖራሉ። ድሮ ፈንጣጣ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ የማይያዘው ለዚህ ነበር።

ስለዚህ ንፍፊቱን አንሸው፣ አንብጣው። ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እንጠበው። ትኩሳት ከመጣ ወይም ከቁስሉ ወደ ላይ ቀይ መስመር ከወጣ ግን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ዘበኞቻችን ከበሽታው የማይማሩት አንድ ጠላት አለ። እሱም መንጋጋ ቆልፍ ነው። ጀርሙ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል። የሚገድለው በመርዙ ነው። መርዙ ጥቂቱ እንኳ ሰው ይገድላል፤ ዕጢዎቹን ለማስተማር ግን ያ ጥቂት አይበቃም። በዚህ በሽታ ታሞ የዳነ ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል። የሚያስተምራቸው ክትባቱ ነው። መርዙ ጉዳት እንዳያደርስ ተደርጎ በመርፌ ይሰጣል። ትምህርቱ እንዲጸና ክትባቱ ይደጋገማል። ነፍሰ ጡር ስትከተብ መከላከያዋ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሽሉ ያልፋል። ሕፃኑ ተወልዶ እትብቱ ሲቆረጥ የእናቱ መከላከያ በደሙ ውስጥ አለ።