በሩን የከፈተው ዘበኛ

ሌባ ፈርቶ ዘበኛ የቀጠረ ሰው፣ ዘበኛው ራሱ ለሌባው በሩን ቢከፍትበት ምን ይላል? በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 2024) በኢንተርኔት ዓለም የተሰማው ነገር ይህንኑ ይመስላል።

በዎርድፕሬስ የተሠሩ ድረ ገጾችን የሚጠብቅ «ሪሊ ሲምፕል ሴኩሪቲ» የተባለ ተቀጥላ ፕሮግራም አለ። በዚያን ጊዜ ከ4 ሚሊዮን በሚበልጡ ድረ ገጾች ላይ ይሠራ ነበር። ከሥራዎቹም አንዱ፣ ባለቤቱ የምስጢር ቃሉን ካስገባ በኋላ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠየቅ ነው።

ዳሩ ግን ከ9.0.0 እስከ 9.1.1.1 ባሉት እትሞቹ ውስጥ ብርቱ ስሕተት ተገኘ። የመጣው ሰው ማረጋገጫ ትክክል ሳይሆን ሲቀር፣ መርማሪው ክፍል «ይህ ሰው እርሱ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ተከታዩ ክፍል ግን መልሱን ከቁም ነገር ሳይቈጥር በሩን ይከፍታል! ስለዚህ ማንም ሰው የአስተዳዳሪውን መለያ ቍጥር ጠርቶ፣ የምስጢር ቃል ሳያውቅ፣ በጌታው ወንበር ሊቀመጥ ይችል ነበር።

የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ በአንድ ቍልፍ የረኩት ሲድኑ፣ ሁለተኛ ቍልፍ የጨመሩት ጥንቁቆች ተጋለጡ።

ጉድለቱን ያገኘው ዎርድፌንስ የተባለው የጥበቃ ድርጅት ሲሆን፣ የአደጋውን መጠን ከ10 ነጥብ 9.8 አለው። ፕሮግራሙም በ9.1.2 እትም ታረመ፤ እርማቱም በብዙ ድረ ገጾች ላይ ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ተጫነ።

ሳልትዘርና ሽሮደር የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ፈቃድ ካልተረጋገጠ በሩ ይዘጋ ሲሉ አስተምረው ነበር። እንግዲህ ዘበኛ መቅጠር ብቻውን አይበቃም፤ «አይደለም» ሲል የሚሰማው ያስፈልገዋል።