ነገ ቢተወውስ?

ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ስለ ገንዘብ ሳያወራ አይውልም። መደመርና መቀነስ በብር፣ ማባዛት በእንቁላል፣ ማካፈል በከረሜላ ነው የሚገባቸው። ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ በማስተምርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት «የራሱ ገንዘብ ያለው ማነው?» ብሎ የጠየቀ መምህር ለማሟሻ ካሰበው በላይ መልስ ይጎርፍበታል። ሱቅ ተልኮ «መልሱን ላንተ» የተባለ አለ። ሀይላንድ ለቅሞ ለቁራሌው የሸጠ አለ። ታላቅ ወንድሙ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሚዛን ዘርግቶ ሲቀመጥ «ክብደት! ክብደት!» እያለ ደንበኛ የሚጠራ አለ። የአጎቱን ባጃጅ የሚያጥብ አለ፤ ከትምህርት መልስ ቆሎ የሚያዞርም አለ።

ወላጅ ሲመጣ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። «ቲቸር፣ እንዲያው ዝም ብዬ ከምሰጠው ሠርቶ ቢያገኘው አይሻልም? ምን ላሠራው?» የሚለኝ አብዛኛውን ጊዜ ለልጁ መስጠት የማይቸገር ወላጅ ነው። የሚቸገረው አይጠይቀኝም፤ የእሱ ልጅ ሥራውን ከጀመረ ቆይቷል። ሁለቱ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሁለቱም «የራሴ ብር አለኝ» ይላሉ። እኔ የምለያቸው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ልጅ ሥራውን ነገ ቢተወው ቤት ውስጥ የሚጎድል ነገር አለ? ከሌለ ያገኘው የኪስ ገንዘብ ነው። ይልፋበት፣ ይክሰርበት፣ ይሰልቸው፤ ምንም አይደለም። ካለ ግን ልጁ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ሆኗልና ወሬው ስለ ማስቲካና ስለ ኳስ መሆኑ ቀርቷል።

ሕጉ እዚህ ላይ ብዙም አያግዘኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ በቀድሞው በ377/1996 ወሰኑ 14 ነበር። ከ15 እስከ 18 ያለውንም ቢሆን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንደዚሁ። ደግ ሕግ ነው፤ ችግሩ የሚናገረው ከአሠሪ ጋር መሆኑ ነው። ቆሎ የሚያዞር የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሠሪው ማነው? እናቱ? ወይስ ቆሎውን የገዛሁት እኔ?

ከልጅ ገቢዎች ሁሉ የምወደው የነሐሴውን ነው። ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል አይደል፤ የእኛ ሰፈር ልጆች በስማቸው የመጣ ያህል ይኮሩበታል። (የክፍለ ከተማችን ስም ግን ሐይቁ አጠገብ ካለው ከራሳችን ተራራ ጋር አንድ ነው፤ ብነግራቸውም አይሰሙኝም።) ነሐሴ 13 ሳይደርስ ቡድን ይመሠረታል፣ ዱላ ይቆረጣል። ድምፀ መልካሙ አውጪ ይሆናል፣ የሚታመነው ገንዘብ ያዥ፣ የቀረው ተቀባይ። ድሮ በር ላይ የሚሰጠው ሙልሙል ነበር፤ ሙልሙል ተቆርሶ ይበላና ያልቃል። አሁን የሚሰጠው ብር ነው፣ ብር ደግሞ ሒሳብ አለው። አንድ ዓመት ደጃፋችን ላይ ቆመው ሲካፈሉ ሰማኋቸው። ስድስት ናቸው፤ ብሩ ለስድስት እኩል አይደርስም። አውጪው «ጉሮሮዬ የተዘጋው የእኔ ነው» ብሎ ጭማሪ ጠየቀ። ዱላዎቹን ያመጣው የዱላ ኪራይ አነሳ። ትንሹ የገባው መንገድ ላይ ስለሆነ ግማሽ ይበቃዋል ተባለ፤ እሱም ቀላል አይደለም፣ «እትዬ መቶ ብሩን ያወጡት እኔን አይተው ነው» አለ። እውነቱን ነበር፣ እኔም ከበሩ ውስጥ ሆኜ ፈረድኩለት። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ለሁሉም እኩል አደረጉ፣ የተረፈችው አራት ብር ለአውጪው ሆነች። ቀሪ ያለው ማካፈል ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዛሬም የምጠቅሰው ያችን አራት ብር ነው።

«ይሄ ልመና ነው» የሚል ወላጅ ያጋጥመኛል። አልስማማም። ልጁ ዘፍኗል፣ መርቋል፣ ምሽቱን እግሩን ጨርሷል። የሲዳማውን ፍቼ ጫምባላላ እዩ፤ ልጆች ጎረቤቱን ቤት ለቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» ይላሉ፣ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። በዚያው በዓል ላይ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ሥራ እንዲወድ፣ ከልመናና ከስንፍና እንዲርቅ ይመክራሉ፤ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓሉን በመዘገበበት ሰነድ ላይም ይህ ምክር ተጽፏል። መካሪዎቹ ልጆቹን ከልመና አልቆጠሯቸውም።

አሁን ወደ ቆሎው ልጅ ልመለስ። አንዱን ሲኒ 15 ብር ይሸጣል። «ሦስት ስፈርልኝ፣ 200 ብር ነው ያለኝ» ብትሉት ጣቱ ብሮቹ ላይ እየሮጠ «አምስት፣ ሃምሳ ሞላ፤ ሃምሳ፣ መቶ ሞላ፤ መቶ፣ ሁለት መቶ» ይልና 155 ብር ይመልስላችኋል፣ ያውም ቆሎውን እየጠቀለለ። ይኸው ልጅ ሰሌዳ ላይ 200 ሲቀነስ 45 ሲባል 245 ጻፈ። ከታች ያለው አሃዝ ሲበልጥበት ገልብጦ ቀነሰውና ገንዘቡ ጭራሽ ጨመረ። ገበያ ላይ እንዲህ ቢመልስ በአንድ ቀን ይከስር ነበር።

ይህ የእኛ ሰፈር ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ሦስት ተመራማሪዎች በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው አምስት ልጆች ሲሸጡ ገዢ መስለው ጠየቋቸው። ገበያ ላይ 98 ከመቶ የሚሆነውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ስሌት በቁጥር ብቻ፣ በወረቀትና በእርሳስ ሲሰጧቸው ያገኙት 37 ከመቶ ግድም ነው። ያን ካነበብኩ ወዲህ መቀነስን ስጀምር መበደርን አስቀድሜ አላመጣም፤ የቆሎውን አቆጣጠር ሰሌዳው ላይ አወጣዋለሁ፣ ልጁም ለጓደኞቹ ያስረዳል።

እንግዲያው ይሽጥ ማለቴ ነው? እናቱን ጠርቼ ሳነጋግራቸው «ለራሱ ነው የሚሠራው፣ ማንም አላስገደደውም» አሉኝ። ሲዘረዝሩት ግን ደብተሩ ከቆሎው ነው፣ ጫማው ከቆሎው ነው፣ ዘይት ሲያልቅም «ያግዘኛል»። ነገ ቢተወው የሚጎድለው ተገኘ። «ያስቁሙት» ለማለት አፌ አልደፈረም፤ በምትኩ የምሰጣቸው የለኝምና። የተስማማነው በትንሹ ነው፤ በትምህርት ቀን እንዳያዞር፣ ቅዳሜም ከመሸ ውጭ እንዳይቆይ። ደብተሩን ከትምህርት ቤት ፈልገን ሰጠነው። ይህ መፍትሔ አይደለም፤ ሰኞ ሰኞ ግን ክፍል ውስጥ መተኛቱን ትቷል።

የሐይቁን ዳር የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ በተመለከተ ግን አቋሜ የጠነከረ ነው። እዚያ ልጆች አሳ ያጥባሉ፣ ይገፋሉ፣ ለጎብኚው የአባ ኮዳ መመገቢያ የአሳ ሆድ ዕቃ ያቀብላሉ። ስለቱና ውኃው አንድ ነገር ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ብሩ መብዛቱ ነው። ጥሩ ቀን ከዋለለት መምህሩ በቀን ከሚያገኘው የበለጠ ይዞ የሚገባ የአሥር ዓመት ልጅ ማክሰኞ ክፍል የሚመጣበት ምክንያት ይጠፋዋል።

ሌላም የሚከነክነኝ አለ። ክፍል ውስጥ «የራሱ ገንዘብ ያለው ማነው?» ሲባል እጅ ከሚያወጡት ውስጥ ሴቶቹ ጥቂት ናቸው። ሥራ አጥተው አይደለም፤ ታናሽ የሚያዝሉት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ ከእናት ጎን ሽንኩርት የሚልጡት እነሱ ናቸው። ሱቅም እኩል ይላካሉ። ወንዱ ተልኮ ሲመለስ «መልሱን ላንተ» ይባላል፣ ሴቷ ስትመለስ «ተባረኪ» ትባላለች። ምርቃት አልጠላም፣ ግን ከረሜላ አይገዛም። መስከረም 1 አበባየሆሽ ብለው እስኪያገኙ ድረስ የራሳቸው ብር ሳይዙ ዓመቱን የሚጨርሱ ተማሪዎች አሉኝ። ቤት ውስጥ ወንድና ሴት ያላችሁ ወላጆች አንድ ሳምንት ብቻ ማን ምን እንደሠራና ማን ብር እንደተሰጠው ታዘቡ።

ምን ላሠራው ለሚለኝ የምለው አለኝ። አልጋውን ስላነጠፈ፣ የበላበትን ስላነሳ አትክፈሉት፤ ያንን የለመደ ልጅ እንግዳ እጅ አስታጥብ ሲባል «ስንት ነው?» ይላል። ግቢ ካላችሁ አንድ ዶሮ ስጡት። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ ሀብታም አታደርገውም፣ ጥሩነቷም እሱ ነው። ፈንግል እንዳይጨርስበት በዓይኗ የሚጨመረውን የክትባት ጠብታ አብራችሁት ሄዳችሁ አስከትቡ፣ የመኖዋን ዋጋ ከሽያጩ ይቀንስ፣ ከሰለቸው ሸጧት ይገላገል። እንቁላሉን እናት ራሷ ብትገዛው አይከፋም፤ ግን በገበያ ዋጋ፣ እጅ በእጅ። ዱቤ የገቡ እናቶች አሉ። የልጆቹን ደብተር ሳርም የዱቤው መዝገብ ከጀርባ ተጽፎ አግኝቼዋለሁ፤ የአንዷ ዕዳ ዘጠኝ እንቁላል ደርሷል።