ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ከቤት ወጪ አስቀድሞ የሚቀነሰው የቱ ነው

የደመወዝ ቤተ ሰብ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ዓመታችን ዐሥራ ሦስት ወር ሲኖረው ደመወዙ ግን ዐሥራ ሁለት ብቻ ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን፥ በአራት ዓመትም አንድ ጊዜ ስድስት ቀን ሆና ያለ ደመወዝ ታልፋለች፤ ወዲያውም ዘመን መለወጫና የትምህርት ቤት መክፈቻ ተከታትለው ይመጣሉ። ከዚህም በላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ዘንድ ከተደረገ ወዲህ ብዙው የውጭ አገር ዕቃ ስለ ተወደደ፥ የቱን ወጪ እንተው የሚለው ነገር በየቤቱ ተነሥቷል። ጤፍንና ዘይትን ማንም ሊተዋቸው አይችልምና፥ ትርፍ ስለሚባሉት ወጪዎች ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን።

የትርፍ ወጪ ክፋቱ ሳይታይ መደጋገሙ ነው። አንድ ሰው በየዕለቱ ለማኪያቶ 40 ብር ቢከፍል፥ ወራችን ሠላሳ ቀን ነውና 1,200 ብር ይሆናል። የስልክ ጥቅልም እንዲሁ ነው፤ የቀኑን እየደጋገመ የሚገዛ ሰው የወሩን አንድ ጊዜ ከሚገዛው ይልቅ ብዙ ጊዜ አብልጦ ይከፍላል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡ በእጅ ሳይቈጠር በጣት ተነክቶ ይሄዳል። ነገር ግን ስልኩ ስለ እያንዳንዱ ክፍያ መልእክት ይልካልና፥ ያን ለአንድ ወር በደብተር መገልበጥ ይበቃል።

ደብተሩ ከተጻፈ በኋላ የሚቈርጠው ማን ነው? ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ በችሎት ጸሐፊነታችን እንደ ተመለከትነው፥ የባልና የሚስት ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ገንዘቡ በማነሱ ሳይሆን፥ አንደኛው ብቻውን ቈርጦ ሌላው በኋላ በመስማቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን የጋራውን ሀብት ባልና ሚስት በአንድነት ያስተዳድሩት ዘንድ ደነገገ። እንግዲህ አባወራው የእንግሊዝ አገር ኳስ የሚያይበትን የዲሽ የወር ክፍያ ሳይነካ የሚስቱን መጽሔትና የልጁን መጽሐፍ ቢያስቀር፥ ሕጉንም የቤቱንም ሰላም ይነካል። እያንዳንዱ አስቀድሞ የራሱን ትርፍ ይጥራ፤ የባልንጀራውን መጥራት ለማንም ቀላል ነውና። ዲሹ ቢቀርም የአማርኛዎቹ ጣቢያዎች ያለ ወር ክፍያ ይታያሉ።

የሚነበብ ነገር ግን፥ ዝም ብሎ ስለሚቀነስና የሚጮኽለት ስለሌለ፥ ብዙ ጊዜ ከሁሉ በፊት ይቈረጣል፤ ይህንንም አንወድም። መግዛቱ ቢቀር ማንበቡ ሊቀር አይገባም። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ጋዜጣ ሳይገዙ በጥቂት ሳንቲም ተከራይቶ እዚያው ተቀምጦ የማንበብ ልማድ ብዙ ሰው አስተምሯል። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር አለ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም እዚያው አራት ኪሎ ነው፤ ልጆችን ቅዳሜ ይዞ መሄድ ከታክሲው በቀር ወጪ የለውም። ከከተማው ርቀው ለሚኖሩ ደግሞ ሦስት ጎረቤቶች አንድ አንድ መጽሔት ገዝተው ቢለዋወጡ፥ እያንዳንዳቸው ሦስት ያነባሉ፤ በንባቡም ላይ የቡናው ጨዋታ ይጨመራል።

አንዳንዶች ችግር ሲመጣ ዕድሩን ከትርፍ ይቈጥሩታል። ዕድር ትርፍ አይደለም፤ መዋጮውን ያቋረጠ ሰው በሐዘኑ ቀን ድንኳኑንና ወንበሩን በውድ ዋጋ ይከራያል፥ ለቀስተኛውንም የሚያስተናግድለት ያጣል። ዕቁብ ግን ሌላ ነው፤ ከከበደ የተጀመረውን ጨርሶ በሚቀጥለው ዙር አንዱን ዕጣ ከወዳጅ ጋር ለሁለት መግባት ይቻላል። ይህንንም ለዕቁቡ ዳኛ መንገር የሚሻለው አዲሱ ስም ዝርዝር ከመጻፉ በፊት ነው።