ከነጠላው ሥር ያለው ሣር

«ወንድሜ፣ ከእማዬ ኋላ ያለውን አጥፋልኝና ሌላ አስገባልኝ፤ ቀላል ነው አይደል?» የሚል ደንበኛ ከፎቶ ቤትም ከባነር ማተሚያ ቤትም አይጠፋም። ይዞት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በስልክ የተነሣ የበዓል ፎቶ ነው፤ እናት የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ጣል አድርገው ግቢው ሣር ላይ ቆመዋል።

ለዓይን ቀላል ይመስላል። ካሜራው የሰጠው ግን አንድ ወጥ የፒክሰል ገበታ ነው። እናትየው ከሣሩ ፊት መቆማቸውን የሚያውቀው ተመልካቹ እንጂ ፋይሉ አይደለም፤ ለፋይሉ የጉንጫቸውም የሣሩም ቀለም ጎን ለጎን የተደረደሩ ቁጥሮች ናቸው። እሳቸው የከለሉት ሣር ደግሞ ፎቶው ውስጥ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ምስልን በሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ በተደረበ ንብብር፣ የሚለያይ ባለሙያ ያለውን ከመለየት አልፎ የሌለውንም መሥራት አለበት።

የምስል ማስተካከያ ፕሮግራሙ ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ሲውል ሌየር የሚባል ነገር አልነበረውም። የተለጠፈ ምስል ሴሌክሽኑ አንዴ ከተለቀቀ ሥሩ ካለው ጋር ተዋህዶ ይቀር ነበር። ሌየር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ በነፃ የሚገኘው ጊምፕም ዛሬ በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ጀማሪ መጀመሪያ የሚያነሣው ላጲሱን ነው። ልምድ ያለው ሰው ግን ምንም ሳያጠፋ ማስክ ያደርጋል፦ ማስኩ ላይ ጥቁር የተቀባው ይደበቃል፣ ነጭ የተቀባው ይታያል፣ በመካከል ያለው ግራጫ እንደ ድምቀቱ በከፊል ያሳልፋል። ደንበኛው ማምሻውን ደውሎ «የእማዬን ጃንጥላ ለምን አወጣሃት?» ሲል በነጭ ብሩሽ ጃንጥላዋን መመለስ የአፍታ ሥራ ነው። በላጲስ የጠፋች ጃንጥላ ግን ፋይሉ ተዘግቶ ከተከፈተ በኋላ አትመለስም።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ፎቶሾፕ ሰውን በአንድ ጠቅታ የሚመርጥ ትእዛዝ አለው። ፊትን፣ ትከሻንና ጫማን በጥሩ ሁኔታ ይለያል፤ ጊዜም ይቆጥባል። ነጠላው ጋ ሲደርስ ግን ይቸገራል። ነጠላ ስስ ነው፤ ሳይደራረብ በወረደበት ቦታ ሣሩ በውስጡ ይታያል። ያ ቦታ የነጠላው ነው ወይስ የሣሩ? የሁለቱም ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ሙሉ በሙሉ ያስቀረዋል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይቆርጠዋል። ሲያስቀረው አዲሱ ባክግራውንድ ላይ አረንጓዴ እድፍ ይዞ ይመጣል፤ ሲቆርጠው ደግሞ የነጠላው ዘርፍ በመቀስ የተከረከመ ካርቶን ይመስላል።

እዚህ ላይ የሚያዋጣው ወደ ቻናሎቹ መሄድ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻናሎችን አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ይበቃል። በሰማያዊው ቻናል ሣሩ ይጨልማል፣ ነጠላው ደግሞ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ስሱ ቦታ ግራጫ፣ ተደራርቦ የታጠፈው ደማቅ ነጭ ይሆናል። ይህን ቻናል ቀድቶ፣ ሌቭልስ በሚባለው የድምቀት ማስተካከያ ሣሩን እስከ ጥቁር አውርዶ ማስክ ማድረግ ነው። የጨርቁ ስስነት ራሱ ማስኩን ሠራው ማለት ነው፤ በብሩሽ ሲለፋ የሚውል እጅ ይህን ልስላሴ አያገኘውም። የእናትየው ፊት፣ ፀጉራቸውና ባለቀለሙ ጥለት ግን በዚህ ቻናል ስለሚጠቁሩ ማስኩ ላይ በነጭ መሞላት አለባቸው። ከዚያ በነጠላው ውስጥ የቀረውን አረንጓዴ ማጥፋት ይቀራል፦ ከላይ አዲስ ሌየር ተከፍቶ፣ ሞዱ ከለር ተደርጎ፣ ከታጠፈው ነጭ ላይ በተወሰደ ቀለም በስሱ ይቀባል።

ሰማይን ታኮ የቆመ ጎፈሬም በዚሁ ቻናል ይለያል፤ ሰማዩ ይነጣል፣ ፀጉሩ ይጠቁራል፣ ማስኩ ብቻ ይገለበጣል።

ሰውየው ተለይቶ ሲወጣ ከኋላው ባዶ የቀረውን ቦታ መሙላት ለባነር ላያስፈልግ ይችላል፤ ሰውየው ባለበት ወይም ሌላ ባክግራውንድ ላይ ይቀመጣልና። ፎቶው ወደ ቪዲዮ ከተለወጠና እናትየው ከሣሩ ፊት በዝግታ እንዲንቀሳቀሱ ከተፈለገ ግን የቀድሞ ቅርጻቸው ከኋላቸው እንደ ጥላ ይቀራል። ሣርን እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው ኮንቴንት አዌር ፊል ያለችግር ይሞላዋል። የበር መቃን ወይም የሴራሚክ መስመር ሲሆን መስመሩ ስለሚጣመም በክሎን ስታምፕ በእጅ ማስተካከሉ ይሻላል።

ብዙ ባነር ላይ ሰው አየር ላይ የተንሳፈፈ የሚመስለው ጥላው ስለተረሳ ነው። ጥላ የራሱ ሌየር ይገባዋል፤ ከሰውየው ሥር፣ በመልቲፕላይ ሞድ፣ እግሩ ሥር ጠቆር ብሎ ከእግሩ በራቀ ቁጥር እየሳሳና እየደበዘዘ።

ፋይሉ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ከሁሉም ሌየሮች ሥር አንድ ጥቁር፣ ቀጥሎም አንድ ደማቅ ቀይ ሌየር አስገብቶ ጠርዙን በመቶ ፐርሰንት ማየት ያስፈልጋል። በስልክ ስክሪን የማይታይ ነጭ ክር በሦስት ሜትር ባነር ላይ ከመንገድ ማዶ ይታያል። ለደንበኛው ጄፔጉ ይላካል፤ ጄፔግ ሌየር ስለማይዝ ሌየሮቹን የያዘው የፎቶሾፕ ፋይል፣ ፒኤስዲው፣ ባለሙያው ጋ ይቀመጣል፤ ለሚቀጥለው በዓል እኚሁ እናት ሌላ ባክግራውንድ ይፈልጉ ይሆናልና።