የቡታጋዙ ሙሉ ስም

በአቃቂ ቃሊቲ ዋናው መንገድ ላይ ከአዳማ አቅጣጫ የሚመጣ የነዳጅ ቦቴ አይጠፋም። በየሱቁም ቡታጋዝ፣ ቲነርና ስፒሪቶ ይሸጣል። እነዚህ ሁሉ የካርቦን ውህዶች ወይም የነሱ ቅልቅል ናቸው። እያንዳንዱ ውህድ ከገበያ ስሙ ሌላ፣ ዓለም በሙሉ የሚግባባበት፣ በወጥ ደንብ መሠረት የወጣ ስም አለው።

ቡታጋዙን እንውሰድ። ሲሊንደሩ ውስጥ በግፊት ፈሳሽ ሆነው የታመቁት በዋናነት ፕሮፔንና ቡቴን ናቸው። ቡቴን 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። ሆኖም ልክ ይህንኑ ያህል ካርቦንና ሃይድሮጅን የያዘ ሌላ ጋዝ አለ። ቡቴን አራቱን ካርቦኖች በአንድ መስመር ያሰልፋል፤ ሌላው ሦስቱን አሰልፎ አራተኛውን መካከለኛው ላይ ይቀጥላል። ቡቴን የሚፈላው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ሌላው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የአቶሞቹን ብዛት መናገር ብቻውን አይለያቸውም ማለት ነው።

ደንቡ እዚህ ላይ ይረዳል። መጀመሪያ ረጅሙ የካርቦን ሰንሰለት ይፈለጋል፦ አንድ ካርቦን «ሜት»፣ ሁለት «ኤት»፣ ሦስት «ፕሮፕ»፣ አራት «ቡት»። በካርቦኖቹ መካከል ነጠላ ትስስር ብቻ ካለ መጨረሻው «ኤን» ይሆናል። ቅርንጫፍ ካለ ቆጠራው ለቅርንጫፉ ከሚቀርበው ጫፍ ይጀምራል። ስለዚህ ሁለተኛው ጋዝ፣ ገበያ አይሶቡቴን የሚለው፣ 2-ሜቲልፕሮፔን ነው፦ ሦስት ካርቦን በሰልፍ፣ በሁለተኛው ላይ አንድ ካርቦን ቅጥያ። ውህዱን አይቶት የማያውቅ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ስሙን ሰምቶ ቅርጹን ሊስለው ይችላል። ለእኔ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ውበት ይህ ነው።

ደንቡን የጀመሩት በ1892 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ የተሰበሰቡ ኬሚስቶች ናቸው። በ1919 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ተረክቦት እስከ ዛሬ ያሻሽለዋል። ከደንቡ ውጭ የሚወጡ ስሞችም ጨርሰው አልቀሩም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የእንዶድ ማጠቢያ አረፋ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ካስተዋሉ በኋላ፣ ከፍሬው የተለየ አንድ ውህድ በስማቸው ሌማቶክሲን ተብሏል። በደንቡ የሚወጣው ስም ብዙ መስመር ስለሚፈጅ አጭሩ መቆየቱ ተገቢ ነው።

ስፒሪቶ ላይ ግን ማሳጠር ያስፈራኛል። በስም መጨረሻ ላይ «ኦል» የአልኮል ምልክት ነው፤ ኤታኖል የአረቄው አልኮል ሲሆን ሜታኖል በአንድ ካርቦን ብቻ ያንሳል። ሁለቱም ጥርት ያሉ ፈሳሾች ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። ሜታኖል ግን ሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀየርና የዓይን ነርቭን ይጎዳል፣ ይገድላልም። ከበርሜል ወደ ጄሪካን ሲገለበጥ «አልኮል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈበት፣ ገዢው ማወቅ የነበረበት «ሜት» የሚለው አንድ ቁራጭ ከበርሜሉ ጋር ቀርቷል።