በብረት ሥራ ቤት ከሚሽከረከሩ መሣሪያዎች ስለ መጠንቀቅ

የወፍጮ ወይም የእህል መውቂያ ዘንግ ሲበላ በፉሪና በሰበታ ወዳሉ የብረት ሥራ ቤቶች ይወሰዳል። ዕቃውን ያመጣው የማኅበር አባል ሥራው እስኪያልቅ ከቶርኖው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ማለዳው ብርድ ስለሆነም ጋቢውን እንደ ደረበ ነው። እኛን የሚያሳስበን ይኸው ነው።

በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ዘንግ በሴኮንድ 10 ጊዜ ይዞራል። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ጨርቅ ይጠቀልላል። የጋቢው ጫፍ አንዴ ከተያዘ ማጥፊያው ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አይኖርም፤ ጨርቁ አልቀደድ ካለ ክንድ ወይም አንገት ይከተላል። ልሙጥ ዘንግም ቢሆን ጨርቅ ይይዛል።

ጓንት እጅን ይጠብቃል የሚባለው ለብየዳ እውነት ነው። በቶርኖና በመብሻ ላይ ግን ጓንቱ ራሱ ተጠቅልሎ ጣትን ይወስዳልና ይውለቅ። ከብረቱ የሚወጣው ጥምዝምዝ ፍቅፋቂ መሣሪያው ከቆመ በኋላ በመንጠቆ ወይም በብሩሽ ይነሣ እንጂ በእጅ አይነካ። የማጥበቂያው ቁልፍ ሳይነቀል ሞተሩ ከተነሣ ቁልፉ ተወርውሮ ቋሚውን ይመታል፤ የሚመታውም ብዙ ጊዜ ለማየት የተጠጋው ሰው ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ዕቃ ያመጣው ገበሬ ግን የሥራ ቤቱ ሠራተኛ አይደለም። ስለዚህ የልማት ሠራተኞች ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረው ለባለጉዳዮች ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር እንዲቀመጥ ያድርጉ። የማኅበሩ ወፍጮ ቺንጋም በሽቦ ወንፊት ይከለል።